ከብት ስንት አላችሁ?

የምሠራው ፒያሳ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰው ሊያባዛ የሚያመጣው ወረቀት ብዙ ይናገራል። ማን ሊካሰስ እንደሆነ፣ ማን ሊያገባ እንደሆነ፣ ማን ሥራ ሊለቅ እንደሆነ ከዘመዶቹ ቀድሜ የማውቅበት ጊዜ አለ። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተማሪ የሚመርጠው በውጤት ብቻ ሳይሆን በቃለ መጠይቅም ጭምር ነው መባሉን የሰማሁትም ከማስታወቂያ ሳይሆን ከማሽኑ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ተማሪ ስልኳን ዘርግታ ከቴሌግራም ያወረደችውን አትሚልኝ አለችኝ። አናቱ ላይ «የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» ይላል። ከሰዓት ሌላው መጣ፣ ያንኑ ይዞ። ሳምንቱ ሳያልቅ ያን ወረቀት ከእኔ ያልወሰደ አመልካች ጎንደር ውስጥ የቀረ አልመሰለኝም።

እያተምኩ አነበብኩት። ለምን የእንስሳት ሐኪም መሆን ፈለግህ ለሚለው ጥያቄ የቀረበው መልስ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለእንስሳት ልዩ ፍቅር ስላለኝ፣ እንዲሁም አገሬን በሙያዬ ማገልገል ስለምፈልግ» የሚል ነበር። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። እኔ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ጽፈው የለቀቁት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ወጥመድ ማለት እንዲህ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ትበትናለህ፣ ከዚያ ያን ዓረፍተ ነገር ይዞ የመጣውን ሁሉ ሳትደክም ታጣራለህ። ይህን ለደንበኞቼ አልነገርኳቸውም። ቢነገራቸውም ወረቀቱን ማሳተሙን ይተዉ እንጂ ሌላ መልስ አይፈልጉም ነበር።

የአጎቴ ልጅ ግን ያንኑ ወረቀት አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛ ከወገራ ስትመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች፤ የምትፈልገው የእንስሳት ሕክምናን ብቻ ነው። ካልተሳካላት ምርጫዋ ውስጥ ያልነበረ ክፍል ይመደብላትና እዚያው ትቀራለች። አባቷ ደግሞ አስቀድመው ተናግረዋል፦ ያልወደድሽውን ከምትማሪ ቤትሽ ግቢ፣ ባል አይጠፋም። ቃለ መጠይቁ እስኪደርስ እኔ የተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ከረምን፤ እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ፍራሽ ላይ።

ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ባዶ ቃል ሲመጣ ግን ጆሮዬ ያውቀዋል፤ የሌላ ሰው ወረቀት ቀኑን ሙሉ ማንበብ ለዚህ ይጠቅማል። እናም ከሥራ ስመለስ ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ፣ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትመልሳለች።

«ለምን የእንስሳት ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» እላታለሁ።

ልዩ ፍቅሯንና አገሯን ታመጣቸዋለች።

«ሳምንቱን ሙሉ ሳትም የከረምኩት እኮ ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ ካተምሽው ትክክል ነው ማለት ነዋ።»

ድክመትሽ ምንድን ነው ስላት፣ በወረቀቱ እንደተጻፈው፣ የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች። ትናንት ሽሮው እያረረ የተኛችውን ሰው አስታወስኳት። ሳቅንና ቀጠልን። ቀልዱ አልፎ ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ልጅቱ መልስ የላትም ማለት አይደለም። መልስ አላት፤ የምታመጣው ግን ሌላውን ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ እያለ በበሩ ቀዳዳ የለሁም እንደሚለው ዓይነት።

ጥርጣሬዬን ያረጋገጠው አንድ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ልጠይቃት ብዬ፣ በዓይንሽ ያየሽውን አንድ የከብት በሽታ ንገሪን አልኳት። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ወይፈኑ ጠዋት አነከሰ» አለች። «እሾህ የወጋው መሰለን። ሰኮናውን አይተን ምንም አጣን። እያደር ጭኑ አበጠ። ስትጫኚው ከቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል፣ የደረቀ ቅጠል እንደመርገጥ። መጀመሪያ ያተኩሳል፣ በኋላ ግን እብጠቱ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ዳነ ብለን ነበር። በማግስቱ አልተነሣም።»

«ምን ይባላል?»

«አባ ጎርባ። የሚይዘው ወጣቱንና የወፈረውን ነው። ከሲታውን ብዙም አይነካም።»

«የማን ወይፈን ነበር?»

«የጎረቤት» አለችና ወረቀቷን አነሣች።

የጎረቤት ወይፈን ሲነሣ እንዲህ አይነገርም። ዳነ ብለን ነበር የሚለው ጎረቤት አይደለም። በማግስቱ እንደዋዛ የትኛው ጎረቤት እንደነበር ጠየቅኳት፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሜ ብጠይቃት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያሉት ሆኑ።

«ባለፈው ወንዝ ማዶ ነበሩ» አልኳት።

«ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

«ጠያቂዎችሽ ከእኔ ይብሳሉ።»

«እነሱ ለመቀበልና ላለመቀበል ነው የሚጠይቁኝ» አለች። «አንቺ ለምን እንደምትጠይቂኝ አላወቅኩም። ግጥም ልታደርጊው ይሆናል። አክስታችን ስትሞት ያደረግሽውን አይቻለሁ፤ ለቅሶው ሳይነሣ ጽፈሽ ጨርሰሽ ነበር።»

ያ ግጥም ጥሩ ግጥም ነው፤ ሰዎች ወደውታል፤ እሷ ግን ያየችው ጥግ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ስጽፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ተጠራጣሪዎች ሆንን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክፍሏ ስለጠበበችን በእግራችን ወደ ወለቃ ወጣን። የሸክላ ዕቃ ከሚሸጥበት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ባቄላ ቆሎ እየበላን ነበር። አንዲት ሴትዮ ጀበናዎቿን ስትደረድር፣ የተሰነጠቀውን በጤነኞቹ መሐል፣ ስንጥቁን ወደ ኋላ አዙራ አስቀመጠችው። የአጎቴ ልጅ ይህን አየች። ፊቷን ሳታዞር መናገር ጀመረች።

ወይፈኑ የቤታቸው ነው። አምና የከብት ከታቢዎች ወደ ቀበሌያቸው እንደሚመጡ በዋዜማው ተሰማ። የእነሱ አገር ሰው የከብቱን ቁጥር ለባዳ አይናገርም። የተቆጠረ ከብት አይበረክትም ይላል፤ ዓይን አለ፣ ዕድል አለ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ አንዴ ቁጥር ከተጻፈ በኋላ መዋጮውም፣ ግዴታውም፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ታጣቂም በዚያው ቁጥር ይመጣል የሚለው ነው። ስለዚህ አባቷ ጎህ ሳይቀድ የሚያማምሩትን ወይፈኖችና ጊደሮች ወደ ገደሉ ሥር ነድቶ አወረዳቸው። በረቱ ውስጥ የተወው አንዲት ያረጀች ላምና አንድ ከሲታ በሬ ነው። ከታቢዎቹ ከብት ስንት አለዎት ሲሉት ሁለት አለ። ሁለቱን ወግተው ሄዱ።

«ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባ ጎርባው ገባ» አለችኝ። «ያሳያቸው ተረፉ። ከደበቃቸው ውስጥ ሸጋ ሸጋዎቹ ሞቱ። ያኛው ወይፈን ጨው ከእጄ ነበር የሚልሰው።»

አባቷ ሬሳቸውን በድብቅ ቀበረ። ጎረቤት ሲጠይቅ ማክሰኝት ወርጄ ሸጥኳቸው አለ፤ ማክሰኝት ሩቅ ነው፣ ከመንደሩ ማንም ሄዶ አያጣራም። አሁን ሰፈሩ ብሩን የት እንደቀበረው ነው የሚያማው። እሱም ለማንም መናገር አይችልም፤ ሞቱ ካለ፣ ስንት ነበሩ ይባላል።

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስሽ ይኸው ነው አልኳት። ማንም በወረቀት የማይዘው፣ ከቴሌግራም የማይወርድ።

«አባቴን ልሽጠው?» አለች።

«ጠያቂዎቹ እኮ አስተማሪዎች ናቸው።»

«አስተማሪም ቀበሌ አለው» አለችና የቆሎውን ገለባ ከቀሚሷ አራግፋ ተነሣች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን ነገር የት እንደምጽፈው ስትጠብቅ የነበረች ይመስለኛል፤ ስልኬን ባወጣሁ ቁጥር ታየኝ ነበር።

የቃለ መጠይቁ ዋዜማ አጎቴ መጡ። መንገድ ይዘጋል ይከፈታል በሚባልበት ወቅት ነበር፤ ተከፈተ ሲባል በመጀመሪያው ሚኒባስ ድንች በማዳበሪያ ተሸክመው ደረሱ። ልጃቸው ብቻዋን እንዳትሄድ ነው ያሉት። እኔ ግን ከገቡ ጀምሮ የክፍሏን ግድግዳ፣ የጎረቤቶቼን በር፣ መጽሐፎቼንና ስልኬን ሲያዩ ሌላ ነገር እንዳሳሰባቸው ገባኝ። ልምምዱን ቀጥሉ አሉን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ።

ድክመትሽ ምንድን ነው ስላት አቋረጡኝ።

«ምነው? ይህን በእውነት ይጠይቋታል?»

«አዎ፣ አያ። ሁሉንም ይጠይቃሉ።»

«ድካሟን ለማታውቀው ሰው ትናገር? እኔ ለነፍስ አባቴም በግድ ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ድካም የለብኝም በያቸው። አለብኝ ያለ ሰው በሬው በገበያ አይሸጥለትም።»

ከሳቅን በኋላ ተራው የእሳቸው እንዲሆን ጠየቁ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ድምፃቸውን አለሰለሱ። የከተማ ሰው መምሰላቸው ነው።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ዝናቡ እንዴት ነው በናንተ አገር?»

«ደህና ነው።»

«ለመሆኑ ከብት ስንት አላችሁ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ምን?»

«አንዲት ላም፣ አንድ በሬ።»

«ምነው አነሰ?»

«የእግዜር ነው።»

«ሸጋ» አሉ አጎቴ። ልጃቸውን ያዘጋጁበት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

የትምህርት ቤት ፈተና ስለ ትምህርት እንጂ ስለ ሰው በረት አይጠይቅም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ቦርሳ የያዘ ሰው መጀመሪያ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ስለ ዝናብ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ያ ነው አሉኝ። በዕድሜያቸው ሌላ ቅደም ተከተል አላዩም። ለከብት ሐኪምነት የሚመርጥ ሰው ስለ ከብት ባይጠይቅ ስለ ምን ይጠይቃል? እዚህ ላይ፣ ባልቀበለውም፣ ልክ ነበሩ።

ከዚያ እንደ ዘበት «አንች ደግሞ ትጽፊያለሽ አሉ» አሉኝ።

«ግጥም ነው፣ አያ።»

«የሰው ነገር ትጽፊያለሽ?»

«ስም አልጽፍም።»

«ስሙስ ምን ያደርጋል። ቁጥሩን አትጻፊ።»

ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ነግራኛለች ብለው ጠርጥረው እንደሆነ፣ ወይስ እንዲሁ ለጥንቃቄ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁጥሩን እዚህም አልጽፈውም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አመልካቾቹ ወዲያ ወዲህ እያሉ ያነበንባሉ፤ ከየአቅጣጫው ልዩ ፍቅር ይሰማኛል። አብዛኞቹን በእጃቸው አወቅኳቸው፤ ወረቀቱን የተቀበሉኝን እጆች። አንድ ጎረምሳ አባቱ በመኪና አድርሶት ዘበኛውን በስሙ ጠርቶ ሰላም ሲለው እኔና አጎቴ እኩል ተያየን። ያ ልጅ ገባ ሲሉ ወጣ። አለቀ፣ ቦታው ተይዟል አሉ አጎቴ በሹክሹክታ። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር፤ ግን ልጁ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ አባቱንም ሳያናግር መኪናው ውስጥ ገባ። ይህ ጥርጣሬዬን አላጠፋውም። አቅጣጫውን ብቻ ለወጠው፤ ለእሱ ካልተያዘ ለማን ተያዘ?

የአጎቴ ልጅ ተጠራች። ከእሷ በፊት የገቡት ቶሎ ቶሎ ነበር የሚወጡት። እሷ ቆየች። አጎቴ በዱላቸው መሬቱን ይጭራሉ። የሚረዝም መልስ የውሸት መልስ ነው፣ እውነት አጭር ነው አሉኝ። እኔ ተቃራኒውን እያሰብኩ ነበር፤ ውሸቱ ቀድሞ ተጠንቶ ያለቀ ነው፣ አንድ ቃል ነው፦ «ሁለት»። የሚረዝመው ሌላው ነው። ሁለታችንም የፈራነው የተለያየ ነገር ቢሆንም ዓይናችን ያለው አንድ በር ላይ ነበር።

ስትወጣ አጎቴ እንዴት ነበር አላሉም።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሁለት።»

ፊቷን አየሁ። ምንም አይነበብም። አጎቴ ተነሥተው ግንባሯን ሳሙ፣ እንደ እናትሽ አስተዋይ ነሽ አሏት፣ እዚያው ሰው መሐል መረቋት። መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድ ስላሉ ከግቢው በቀጥታ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ከመስኮት በኩል ተቀምጠው፣ ሲንቀሳቀስ እጃቸውን አወጡልን። ይዘውት የመጡት ሐሳብ የቀለለላቸው ይመስል ነበር።

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው እንደወጣ የአጎቴ ልጅ ክንዴን ያዘች።

«ሁሉንም ነገርኳቸው» አለች።

ስትገባ ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ጠና ያለች ሴት ሐኪም። ለምን መረጥሽው ተባለች፣ ልዩ ፍቅሯን ጀመረች። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ስንተኛዋ እንደሆነች እግዜር ይወቀው። የአጎቴ ልጅ አፈረችና መሐል ላይ አቆመች። ሴትዮዋ ዞራ፣ እሺ ተዪው፣ ምን በሽታ በዓይንሽ አይተሻል አለቻት። ያን ጊዜ ወይፈኑ መጣ። የማን ነበር? የአባቴ። ለምን አልተከተበም? ተደብቆ። ሌሎችስ? እንዲህ እያለ በረቱ ሁሉ ወጣ፣ በቁጥር።

ከወንዶቹ አንዱ፣ «እንግዲያው የገደሏቸው አባትሽ ናቸዋ» አላት።

«የገደላቸው አባ ጎርባ ነው» አልኩት አለች። «አባቴ የደበቃቸው ከእናንተ ነው።»

ሰውየው አልወደደውም። እኛ ክትባት ይዘን እንጂ ምን ይዘን መጣን ብሎ ተከራከራት። እሷም ያንን አባቴ ከሩቅ በምን ይለያል፣ ሁላችሁም ቦርሳ ይዛችሁ ነው የምትመጡት አለችው። ከዚያ ሴትዮዋ ገባች፦ ተምረሽ ሐኪም ሆነሽ አባትሽ ደጅ ብትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?

«ምን አልሻት?»

«አላውቅም አልኳት። ለእኔም ሁለት ነው የሚለኝ አልኳት።»

ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። ጻፉ፣ ሄደች።

የመናኸሪያው ጫጫታ ውስጥ ቆሜ እቅፍ አደረግኳት። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ቤት እስክንደርስ አልቆየም። በአዘዞ መስመር ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ታሪኩን በሐሳቤ ስመላልሰው፣ ከልክ በላይ ያማረ ሆኖ ታየኝ። ሴትዮዋ እስክሪብቶ ማስቀመጧ፣ ያ መልስ፣ ያ ዝምታ። እኔ የምጽፈው ዓይነት ነበር። እሷ ደግሞ አብራኝ ከርማለች፤ ምን መስማት እንደምፈልግ ታውቃለች። ለአባቷ እሳቸው የፈለጉትን ሰጠቻቸው። ለእኔ እኔ የፈለግኩትን። ሁለቱንም ስትናገር ያሳየችው ፊት አንድ ነበር።

«የቱን ነው ያልሻቸው?» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እንደገና ፖሊስ ሆንሽ እንዳትለኝ።

ውጤቱ በስልክ መልእክት መጣ። ተቀብለዋታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ለአባቷ ስትደውልላቸው አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ረጅም ዝምታ ነው፤ ከዚያ «እግዜር ይመስገን» አሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዝምታ። ከዝምታዎቹ ሁለተኛው ከበደኝ።

ምክንያቱን የሰማሁት ወገራ ስወጣ ነው። አጎቴ የጽዋ ማኅበር ተራ ደርሷቸው እንግዳ ይቀበሉ ነበርና እናቴን ወክዬ ሄድኩ። ልጅቱም ለዕረፍት ቤቷ ነበረች። ማኅበርተኞቹ በልተው ጠጥተው ከተበተኑ በኋላ አጎቴ ጠርተውኝ ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። በረቱ ውስጥ ያቺ ያረጀች ላምና ያ በሬ ቆመዋል። ሌላ የለም። እበቱ ግን የሁለት ከብት እበት አልነበረም።

«እስኪ ንገሪኝ» አሉኝ። «ሁለት ከብት ላለው ሰው ልጅ የከብት ሐኪምነት ማን ይሰጣል?»

«አያ…»

«ነግራቸዋለች። ከደወለች ጀምሮ ሳሰላስለው ነበር። ሁለት ብትላቸው ኖሮ፣ አንች ስለ ከብት ምን ታውቂያለሽ ብለው ይመልሷት ነበር።» በዱላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «መካሪዋም አንች ነሽ።»

አልካድኩም፣ አላመንኩምም። እውነቱን ለመናገር የሰጡት ማስረጃ ከእኔ የተሻለ ነበር። እኔ ፊቷን አይቼ ግራ ተጋብቻለሁ፤ እሳቸው ውጤቱን አይተው ወደ ኋላ ሄዱ።

ሌሎቹ የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ፣ ከዳገቱ ማዶ፣ ዳባት በኩል ላለ ሰው ለእርባታ ሰጠኋቸው አሉ። የዚያ አገር ደንብ ነው፤ ከብቱን ሌላ ሰው ያረባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ቁጥሩ ወጥቷል ብለው ካሰቡበት ቀን ጀምሮ ከብቱ በዚያ ቁጥር እንዳይገኝ አድርገዋል ማለት ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት የተናገረችው እውነት ከሆነ፣ አሁን እውነት አይደለም።

ጠላ ልታቀርብልን የመጣችው ልጃቸው ይህን ሰማች። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እንደገና ደበቅካቸው?»

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ላሟ አዞሩ።

«ያለ ክትባት? እንደ አምናው?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያን ወይፈን ረሳኸው?»

አጎቴ እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ላሟን ወገቧ ላይ መታ መታ እያደረጉ፣ እሷን ሳያዩ ተናገሩ። እዚያ አገር ከታቢዎች መጥተው ነበር። የሚያረባው ሰው ሁሉንም አውጥቶ አስወጋቸው።

«በማን ስም?»

«በሰውየው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የእሱ ያልሆነውን ምን ብሎ ይደብቃል? ከብቱ የእኔ አይደለም ብሎ ይምላል፣ ልክ ነው። ከእኔ ዘንድ ቢመጡ ደግሞ በረቴ ይኸው።»

የአጎቴ ልጅ ቆማ አየቻቸው። ሊያስደስቷት የፈጠሩት ይሁን፣ በእርግጥ የሆነ ይሁን፣ እኔ ላውቅ አልቻልኩም፤ እሷም ወዲያው አላመነችም። ሐኪም ልሆን ነውና ማየት አለብኝ አለች። አጎቴ ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ።

«ነይ» አሏት።

እኔም ነጠላዬን አጣፋሁ። አጎቴ እጃቸውን ዘረጉብኝ።

«አንች እንግዳ ነሽ። ተቀመጭ።»

አባትና ልጅ ከገብሱ ማሳ በላይ ያለውን ዳገት ወጥተው ከዓይኔ ተሰወሩ። የአጎቴ ሚስት ደጋግማ ጠላ እየቀዳችልኝ ደጅ ተቀመጥኩ። ስልኬን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ ማዶ አዘቅዝቃ ነበር፤ አጎቴ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ።

አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ታጠበች። ፀጉራቸው ያንጸባርቃል አለችኝ። አንዲት ጊደር አርግዛለች። ጭናቸውንና ትከሻቸውን አንድ በአንድ ዳስሳ አይታለች፤ ምንም የለባቸውም። ሰውየውን ለብቻው ጠርታ የተወጉበትን ቦታ እንዲያሳያት ጠይቃው፣ ሳያመነታ ትክክለኛውን ቦታ አሳይቷታል። ስለዚህ አምናለች።

ስንት እንደሆኑ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።